ደረቅ ጣውላ ለተሸካሚ፦ የአናጺ ሽበሺ ገብረ መስቀል የሕይወት ታሪክ

የአቶ ሽበሺ ገብረ መስቀል አናጺ ቤት የተዘጋው፣ ደረቁን ጣውላ ለማይከፍል፣ እርጥቡን ለሚከፍል ስለሰጡ ነው። ለቅሶ ላይ የሚነገር ባይሆንም፣ እሳቸው ራሳቸው ሳይጠየቁ ያወሩት ስለነበር አይደበቅም።

አቶ ሽበሺ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ መስቀል ወልዴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩ ደምሴ በ1926 ዓ.ም. መቱ አቅራቢያ ባለችው ቡሬ ከተማ ተወለዱ። መቱ ተልከው እስከ አራተኛ ክፍል ቢማሩም አግዳሚ ላይ መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ የተሰበረ አግዳሚ መጠገን ግን ሆነላቸው። በ1951 ዓ.ም. ወ/ሮ ሙላቷ አራርሳን አግብተው ሸዋርካብሽንና ኩመራን ወለዱ። ከባለቤታቸው ወንድም ከአቶ ሁንዴሳ አራርሳ ጋርም መቱ ላይ አናጺ ቤት ከፈቱ።

ሥራው አልጋና ቁም ሣጥን ነበር፤ ያተርፍ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ወባ ገባ። ከሩቅ አገር መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ገና ዕድር ስላልነበራቸው ሬሳቸውን በሰሌን ጠቅልለው ይቀብሩ ነበር። አቶ ሽበሺ ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ላይ ይህን አይተው እንቅልፍ አጡ። የቁም ሣጥኑ ትርፍ ይችለዋል ብለው ለሰፋሪዎቹ በነጻ የሬሳ ሣጥን ይሠሩ ጀመር።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ጣውላ ለመድረቅ ግን ወራት ይፈልጋል፤ ሞት አይጠብቅም፣ አቶ ሽበሺም መጠበቅ አያውቁም። ደረቁ ሲያንስ አቶ ሁንዴሳ፣ «እርጥቡን ለሬሳ ሣጥን አድርገው። ሟች ዕቃ አይመልስም፤ ቁም ሣጥን የገዛ ግን አሸክሞ ይመጣል» አሉ።

«ተሸካሚውስ፣ ኦቦ ሁንዴሳ? እርጥብ ጣውላ ትከሻ ይልጣል። በዚያ ጭቃ ተሸክመህ ሂድና ንገረኝ!»

እርጥቡ ለቁም ሣጥን ሆነ። በጋ ሲገባ መዝጊያው ሁሉ ተጣሞ አልገጥም አለ፤ በገበያ ቀን ደንበኞች ቁም ሣጥናቸውን በራፉ ላይ ደረደሩት። ትርፉ ሲቆም የነጻው ሣጥንም ቆመ፤ አናጺ ቤቱም ተዘጋ። አቶ ሁንዴሳ ተለይተው የራሳቸውን ከፈቱ።

አቶ ሁንዴሳ ክፉ አልነበሩም። ጣውላቸውን በትዕግሥት አድርቀው አተረፉ፣ ሠራተኛ ቀጠሩ፤ ሠራተኛውም ልጆቹን አስተማረ። ይህም ለሰው መትረፍ ነው። አቶ ሽበሺ እዚያው አማቻቸው ዘንድ ተቀጥረው እንኳ አላረፉም። ሰፋሪዎቹ ዕድር ሲመሠርቱ፣ አባል ሁሉ ለሬሳ ሣጥን የሚሆን ጣውላ አስቀድሞ እንዲያዋጣና በአቶ ሁንዴሳ መጋዘን እንዲደርቅ ያግባቡት እሳቸው ናቸው። አቶ ሁንዴሳ ኪራይ ጠየቁ። «በነጻ የሚሰጥ መጋዘን ክረምት ላይ ያፈሳል» አሉ። አቶ ሽበሺ ተናደዱ፤ ዕድሩ ግን ከፈለ፤ መጋዘኑም አላፈሰሰም።

አቶ ሽበሺ በጉበት ሕመም ተኝተው ሳሉ አማቻቸው ሊጠይቋቸው ገቡ። «ሁንዴሳ፣ ደመናው መጣ፤ ጣውላውን አልብሰው» አሏቸው።

«አንተ ሰው፣ ለመታመም እንኳ ጊዜ የለህም?»

አቶ ሽበሺ ሐምሌ 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና የሰፋሪዎቹ ዕድር ቀርተዋል። በምድር መቀመጥ ያላወቀች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በአብርሃም አጠገብ ያስቀምጥልን።

ሣጥናቸውን የሠሩት አቶ ሁንዴሳ ናቸው፤ ለሽያጭ ካቆዩት ዋንዛ ውስጥ በጣም የደረቀውን መርጠው። ወ/ሮ ሙላቷ ዋጋውን ሲጠይቋቸው፣ «ለተሸካሚዎቹ ነው» ብለው ብቻ ወጡ፤ በሩንም ዘጉት።