የትኛዋን ጉጉት ነው የላክሽልኝ?

ውድ ኢክላስ፣ የጥንት ሸክላ ተማሪዋ የልጅ ልጄ፤

ከፔሩ የላክሽው ዕቃ ሳይሰበር ደርሷል። የተሰበረው የጎረቤታችን የቀመሪያ ልብ ነው። ካርቶኑን ስከፍት አጠገቤ ነበረች። ያቺ ሸክላ ጉጉት ዓይኗን አፍጥጣ፣ ሻርፕ ተከናንባ ብቅ ስትል፣ «አዑዙ ቢላህ! ጋሽ በከር፣ ይቺን ሞት ጠሪ እቤት ያስገባሉ?» ብላ ወደ በሩ ሸሸች።

«ሞቼ የሚባሉ የጥንት ሰዎች የሠሩትን አስመስለው የሠሩት ጭቃ እኮ ነው። ደግሞስ ሙስሊም በወፍ ይሟረታል እንዴ?» ብዬ ሰበክሁላት። «እጀታዋን እዪው፣ እርካብ ይመስላል። ከፈለግሽ ጋልቢያት።»

ሳትስቅ ሄደች። በሩን ዘግቼ ግን፣ እኔው ሰባኪው፣ ፎጣ ጣል አደረግሁባት።

ለምን መሰለሽ? እናትሽ ሙፊዳ «ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳይነግሯት» ብላኝ ደብቄሽ ነው እንጂ፣ ሐሙስ ሐኪሞቹ ልቤን ሊከፍቱት ነው። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስወጣ በየፎቁ የምቆመው ጎረቤት ለማማት አይደለም፤ ትንፋሽ እያጠረኝ ነው።

ባለፈው በስልክ፣ በሞቼዎች ሸክላ ላይ እንቁራሪቷ የውሃና የእህል ምልክት ናት፣ አጋዘኑ እንደ ምርኮኛ ታስሮ ይታያል አልሽኝ። ጉጉት ላይ ስትደርሺ ግን ሦስት አደረግሻት፤ ተዋጊ፣ በሽተኛ የምትዳስስ ፈዋሽ፣ ሙት በጀርባዋ አዝላ የምትሄድ። ያኔ «አዛይዋ የእኔን ቦርጭ አትችለውም» ብዬ ሳቅሁ። አሁን ፎጣውን ገለጥ እያደረግሁ ጀርባዋን አያለሁ። ባዶ ነው። ፈዋሿ ስለሆነች ነው ወይስ እንደ ታክሲ ቦታ ይዛልኝ ነው?

ካርቶኑ ውስጥ ባስገባሻት ብጣሽ ወረቀት ላይ ደግሞ «አባባ፣ በጉጉት ይጠብቁኝ» ብለሻል። አንቺ ናፍቆቱን ማለትሽ ነው። ፊደሉ አንድ ነውና እኔ ወፏን አነበብሁ።

እባክሽ ከሐሙስ በፊት የትኛዋ እንደሆነች ንገሪኝ። አዛይዋ ከሆነች ግን ዋሺኝ። ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል፣ አውቅብሻለሁ፤ ቢሆንም ዋሺኝ።

ይህን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም የምትልክልሽ ቀመሪያ ስለሆነች ከዚህ በላይ አላማትም።

ፎጣውን አንስቼዋለሁ። ፊቷን ወደ በሩ አዙሬ አልጋዬ አጠገብ አስቀምጫታለሁ፤ ስትመጪ መጀመሪያ የምታይሽ እሷ ናት። እኔም ኢንሻአላህ በጉጉት እጠብቅሻለሁ። በሁለቱም።

የምትፈሪው ሳይሆን የሚፈራው አያትሽ፣
በከር