ባዶ እጁን የሚወጣ ሕዝብ

ባሕር ዳር፣ ግንቦት 8 ቀን

ለምወድዎና ለምፈራዎ አባቴ፤

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? ዓይንዎስ፣ ዳዊት ሲደግሙ አሁንም ፊደሉ ይጋረድብዎታል ወይስ የላክሁልዎ መነጽር ትንሽ ረዳዎት? የደብሩ ካህናት፣ ተማሪዎችዎ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኛ በጸሎትዎ አለን። የግንቦት ሙቀት ከሐይቁ ላይ እየተነሣ ያፍነናል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር አልነካንም። ወንድሜ ምናሴም ደኅና ነው፤ ከምግብ ብዛት በቀር የሚያመው ነገር የለም።

ይህን ጉዳይ በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደወልሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ ጠይቄዎት፣ መርቀውኝ፣ ዘጋሁት። ድምፅዎን ስሰማ የሰባት ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ወረቀት ላይ ግን ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታግሠው ያንብቡልኝ።

ጉዳዩ የእማዬ ቦታ ነው። የዘንዘልማው እርሻ ለቤት መሥሪያ ሲወሰድ በምትኩ እዚያው የተሰጠችን ቦታ፣ እማዬ ነፍሷን ይማርና፣ ከእሷ የቀረችን ንብረት እሷው ብቻ ናት። ግንቦት አሥራ ሁለት ከገዢው ጋር ሊዋዋሉ ቀን እንደ ቆረጡ፣ በገንዘቡም እዚህ ሞሉ፣ አዲሱ የገበያ ሕንጻ ውስጥ ሱቅ እንደሚከፍት ምናሴ ነገረኝ። ወራሽ ነኝና ያለ እኔ ፊርማ ስለማይሆን፣ «ካርታውን ይዘሽ መጥተሽ ፈርሚ» ብለው ልከውብኛል። አልፈርምም አባዬ። እምቢ ብዬዎት ስለማላውቅ፣ ለምን እንደሆነ ማወቅ ይገባዎታል።

እርስዎን ያሳመነዎት ምናሴ አይደለም፤ ዓይንዎ ነው። ከፋሲካ በኋላ በመጡ ጊዜ እሱ ሞሉን አሳየዎት። ሕዝቡ በር ላይ ተሰልፎ ሲገባ፣ ደረጃው በሰው ሲሞላ፣ አራቱም ፎቅ ሲተራመስ አዩ። እንፍራንዝ ተመልሰውም ለጎረቤቱ፣ «ኑሮ ከበደ የሚለው ሁሉ ያስመስላል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሕዝቡ ገንዘብ አለው። ሰው የሚጎርፍበት ደጅ በረከት አያጣም» አሉ አሉ።

አልፈርድብዎትም። አርባ ዓመት ያገለገሉት ደብር ያስተማረዎት ይህንኑ ነው። የንግሥ ዕለት ግቢው ከጠበበ በዚያ ዓመት ጣሪያው ይታደሳል፤ ግቢው ከሳሳ አገልጋዩ ይቸገራል። ለንግሥ የሚመጣ ሰው ጃንጥላ መስጠት ባይችል ጧፍ፣ ጧፍ ቢያጣ ሳንቲም ይዞ ይመጣል። እርስዎ ሞሉን ያዩት በንግሥ ዓይን ነው። እንዲህ ያየው ደግሞ እርስዎ ብቻ አይደሉም። የምሳፈርበት ባጃጅ ሾፌር በዚያ ባለፍን ቁጥር፣ «ሰው እየተረጋገጠ እኮ ነው፤ ማነው ተቸገርሁ የሚል?» ይላል። እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ምስክርዎ እኔ ነበርሁ። ገና ሞሉን ሳያዩ ምናሴን፣ «እህትህ እዚያው ሒሳብ ክፍል ተቀምጣ ገቢ ወጪውን ታያለች፤ የማያዋጣ ቢሆን ዝም ትለን ነበር?» እንዳሉት ሲነግረኝ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

አባዬ፣ እኔ ሒሳብ ክፍል ገብቼ አላውቅም። በሞሉ ዋና በር፣ በሴቶች በኩል፣ ሰማያዊ የደንብ ልብስ ለብሼ የምቆም ፈታሽ ነኝ። ቦርሳ እከፍታለሁ፣ ኪስ እዳብሳለሁ፣ «እለፊ» እላለሁ። ይኸው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ።

ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ሁለት ጫማ ጨረስሁ። ይህን ሥራ ያገኘሁ ዕለት ደውዬ፣ «አዲሱ ሕንጻ ውስጥ ተቀጠርሁ» አልሁዎ። ይህ እውነት ነው። እርስዎ፣ «በሒሳቡ ነዋ?» አሉኝ። ደስታዎ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝና «አዎ» አልሁ። አንዲት «አዎ» ነበረች። ከዚያ ወዲህ የዋሸሁዎት ሁሉ እሷን ለመሸፈን ነው።

ቢሆንም ገቢ ወጪውን አላይም ማለት አይደለም። እንዲያውም ሒሳብ ክፍል ካሉት ይልቅ የማየው እኔ ነኝ። ሴቶቹ ሲገቡ ቦርሳቸውን ከፍቼ አያለሁ፤ ሲወጡም በፊቴ ያልፋሉ። ከአሥሩ የስምንቷ ቦርሳ እንደ ገባ ይወጣል። ውስጡ የስልክ ቻርጀር፣ ከቤት የተሞላ የውኃ ፕላስቲክ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ ነው። አቧራ የጠጣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ከቦርሳቸው ንጹሕ ጫማ የሚያወጡም አሉ፤ ፎቶ ሊነሡ ነው። ሰፈሩ መብራት በጠፋበት ቀን ሕዝቡ እጥፍ ይሆናል፤ ሕንጻው ጄነሬተር ስላለው ስልኩን ሊሞላ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበረታ ይበዛል፤ ዝናብ ሲጥል ይበዛል። ደመወዝ በወጣ ዕለት ግን በሩ ጭር ይላል፤ ያን ቀን ሰው ጤፍና ዘይት ሊገዛ ገበያ ወርዷል።

ባለፈው ወር አንድ ጋዜጠኛ በራችን ላይ ቆሞ ያገኛትን ሴት ኑሮ እንዴት ነው ብሎ ጠየቃት። «ተመስገን፣ ጥሩ ነው፤ እንደምታየው ነው» አለችው። ጥቂት ቀደም ብዬ ስፈትሻት ቦርሳዋ ውስጥ ያየሁት ሁለት ባትሪው የሞተ ስልክና አንድ የተላጠ ብርቱካን ነበር። ምን ትበለው? ስልኬን ልሞላ ነው የመጣሁት ብላ ለአገር ሁሉ ትናገር? እኔም ብሆን እንደ እሷ ነበር የምመልሰው። ለእርስዎም የመለስሁት እንደዚያው ነው።

የሚሸጥ የለም አልልም። ምድር ቤት ያለው አይስክሬም ቤት ይሸጣል፤ ልጅ ሲያለቅስ ማን ይጨክናል? ምናሴ የመረጣት ሱቅ ግን ሦስተኛ ፎቅ ናት። በዓመት ተኩል ሦስት ተከራይ ቀያይራለች። የመጨረሻዋ መሲ ትባላለች፤ የልጆች ልብስ ትሸጥ ነበር። ማታ ስትወጣ፣ «ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» ስላት፣ «ሰባ ሰው ዋጋ ጠየቀኝ» ትለኛለች። ስንት ሰው ከእሷ እንደ ገዛ ነግራኝ አታውቅም። አከራዮቹ ምናሴን፣ «ንግዷን ልታሰፋ አዲስ አበባ ገባች» ብለውታል። በሩን ይዤ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶቿን ባጃጅ ላይ ጭና፣ እያለቀሰች፣ ሰባታሚት እናቷ ቤት ነው የገባችው።

እርስዎ ሞሉን ያዩ ዕለት፣ «ስብሰባ ተልኬያለሁ» ብዬዎት ነበር። ውሸት ነው። የጽዳት ዕቃ በሚቀመጥበት ክፍል፣ በመጥረጊያና በባልዲ መካከል ተደብቄ ነበር። በበሩ ስንጥቅ አየሁዎት። ተንቀሳቃሹን ደረጃ ጥቂት ቆመው መረመሩትና፣ አልታመን ሲልዎት ጊዜ በእግር መውጫው በኩል፣ አንድ አንድ እያሉ ወጡ። ሮጬ ወጥቼ ጉልበትዎን ልስም አማረኝ። የለበስሁትን አየሁና መልሼ ተቀመጥሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በሥራዬ አላፈርሁም፤ ሠርቼ ነው የምበላው። ያፈርሁት ከአባቴ በመደበቄ ነው።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ወንዶቹን የሚፈትሸውን ሣህሉን፣ «እኒያ ጥምጥም የጠመጠሙት አባት ሲወጡ ምን ይዘው ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «ይዘው የገቡትን ጃንጥላና ዳዊታቸውን» አለኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተዋል አባዬ። ምን ገዙ? በዓይኔ አየሁት ብለው የመሰከሩለት ሕዝብ ውስጥ አንዱ እርስዎ ነበሩ። የቀረውም እንደ እርስዎ ነው።

ምናሴን እንዳይቆጡት አደራ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ያለ ሥራ መቀመጥ ያንገበገበው ልጅ ነው። አልፈርምም ስለው ግን፣ «እንግዲያው የት እንደምትቆሚ ለአባዬ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። ሁለት ቀን ተኮራረፍን። በሦስተኛው ቀን፣ «አትድከም፣ እኔው እነግራቸዋለሁ» አልሁትና ወጥቼ ይህን ወረቀት ገዛሁ። ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔ ግን እፎይ ብያለሁ፤ ከእንግዲህ የሚያስፈራራኝ ነገር የለም።

አሁን ደግሞ ሐሳቤን ይስሙኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ የእጅ ብረት መፈተሻዬ በአንዳንድ ሴቶች ቦርሳ ላይ ይጮህ ጀመር። ስከፍተው ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ የበር ቁልፍ፣ ጥቅል ሽቦ ነው። «ከየት ነሽ?» ስላቸው አንዷ ዘንዘልማ፣ ሌላዋም ዘንዘልማ። ቤት እያሠሩ ነው። አንድ ኪሎ ሚስማር ሲጎድልባቸው ሠራተኛ አስቁመው በባጃጅ ከተማ ይወጣሉ፤ ከመጡ አይቀር ደግሞ ሞሉን አይተው ይመለሳሉ። በዚህ በር ከብዶ የሚገባ ቦርሳ የእነሱ ብቻ ነው። ሦስት እሑድ ተከታትዬ ሄጄ ዘንዘልማን በእግሬ ዞርሁት። ከእማዬ ቦታ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ግድግዳቸው ያልተለሰነ አሥራ ዘጠኝ ቤቶች አሉ። ሚስማር የሚሸጥ አንድም ሱቅ የለም።

ቦታዋ አትሸጥም። ሁለት ክፍል በቆርቆሮ እንሠራባታለን። በአንዷ ምናሴ ሚስማርና ማጠፊያ ይሸጣል፤ በሌላዋ እኔና እሱ እንኖርባታለን፣ ኪራይም ይቀርልናል። ለቆርቆሮው የሚሆን ከደመወዜ ያስቀመጥሁት አለኝ። ሱቁ እግር እስኪያወጣ ድረስ ከበሩ አልነቃነቅም። ማታ ማታ ሒሳቡን እኔ እይዛለሁ፤ ያን ጊዜ ሰው ሲጠይቅዎ፣ «ልጄ በሒሳብ ነው የምትሠራ» ቢሉ አልዋሹም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዳይደርስብን ነው ይህ ሁሉ ልፋቴ። ከገዢው ቀብድ አለመቀበልዎን ስሰማ ተመስገን አልሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኝ ይበሉኝ፣ ካርታውን አልለቅም። ቢረግሙኝም አልለቅም። ግን አይርገሙኝ።

እዚህ ድረስ የጻፍሁት ትናንት በምሳ ሰዓቴ ነው። ዛሬ ጠዋት ዲያቆን አምሐ ከእንፍራንዝ መጣ። ሞሉን ከዚህ በፊት አይቶት አያውቅም። ቢሮው የት ነው ብሎ ማንንም አልጠየቀም፤ ሰልፉን አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ሴቶቹ በር መጣና በነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ሰጠኝ። ሴቶቹ ሁሉ እያዩኝ ፈታሁት። መቋሚያዎ ነው፤ ያ ከወጣትነትዎ ጀምሮ ማኅሌት የቆሙበት፣ አናቱ በእጅዎ ወዝ የጠቆረው።

«መቆሙ ሲበዛባት ትደገፍበት ብለዋል» አለኝ።

መቼ እንደ ሰጡት ጠየቅሁት። ከባሕር ዳር በተመለሱ ማግሥት እንደ ሰጡት፣ መንገዱ ተዘግቶበት እስካሁን እንደ ቆየ ነገረኝ። ሌላ ያሉት ነገር የለም ወይ ብዬ ደጋግሜ ጠየቅሁት። የለም አለኝ። እንግዲያው ሞሉን ካዩበት ቀን ጀምሮ ያውቁ ኖሯል።

ይህን ደብዳቤ ልቀደው ቃጥቼ ነበር። አልቀደድሁትም፤ ከእኔ አፍ ሊሰሙት ይገባል። አምሐ ነገ ይዞልዎ ይመለሳል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ በመቋሚያዎ ተደግፌ ዋልሁ። አንዲት ባልቴት ቦርሳቸውን ሊያስፈትሹ ቀርበው መቋሚያውን ሲያዩ ተሳለሙት፤ እኔም ሳልፈትሻቸው አሳለፍኋቸው። አለቃዬ እንዳይሰማ።

ግንቦት አሥራ ሁለት፣ ሊዋዋሉ በቆረጡት ቀን፣ ፈቃድ ወስጄ ዘንዘልማ እጠብቅዎታለሁ። ውል የለም። የመጀመሪያውን እንጨት ባርከው እንዲተክሉልን ነው። ጉድጓዱን ምናሴ ይቆፍራል።

ያገለገሉት አምላክ ዕድሜና ጤና ጨምሮ ያቆይልኝ፤ ከደጃችንም በረከትዎን አያርቅብን። ጉልበትዎን ስሜ፣

በሴቶች በር የምትቆመው ልጅዎ