አንቴናው ያስቀመጠኝ ሽምግልና

ልጄ ሩሐማ፣ ያለሽበትን ሁሉ ሰላም ያድርግልሽ። የዘረጋሽውንም ኔትወርክ ይባርክልሽ፤ ምንም እንኳ እኔን ቢያስረኝ። እዚህ ሲያትል ደህና ነን። አባትሽን ጉንፋኑ ለቆታል፤ ዝናቡ ግን አልለቀቀንም።

ርካሽ ገመድ አልባ ኢንተርኔት የገጠሩን ኑሮ ያሻሽላል ስትዪኝ ጥናትሽን ከነግርጌ ማስታወሻው አንብቤ አምኛለሁ። አንቴናውን በአጎትሽ በአዲስአለም ቤት ጣራ ላይ ስትሰቅዪ ግን ወንድሜን አላጠናሽውም። አንቺ ዕቃ ልታመጪ አዲስ አበባ በሄድሽ ማግስት፣ የይለፍ ቃሉን ለውጦ የተጣላትን ጎረቤቱን ማንአልሞሽን ከለከላት። እርጉዝ ልጇ ደግሞ ሐኪሟን የምታገኘው በዚያ ኔትወርክ ብቻ ነው።

ትናንት ሊያስታርቋቸው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ስልክ በርጩማ ላይ አቁመው እኔንም በቪዲዮ አስቀመጡኝ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ነበር፤ ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ አጠገብ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ የወንበር ቀበቶዬን ሳልፈታ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሸመገልኩ። ኦበርን ከተማ የምሠራበት መጋዘን ይጠብቁኛል ብል ወንድሜ፣ «ሽማግሌ ሳያስታርቅ አይነሳም» አለኝ።

«አንተ አትታረቅ፣ እኔ አልነሳ፤ ምን ይሁን ታዲያ?»

«ተቀመጪያ! ኔትወርኩ እንደሆነ ጥሩ ነው።»

ድሮ መስመሩ ተቆርጦ ይገላግለኝ ነበር። አሁን ማዛጋቴ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል።

ቅዳሜ እንቀጥላለን። እባክሽ ከዚያ በፊት ተመልሰሽ አንቴናውን ወደ ጤና ኬላው ጣራ አዛውሪው። ልጅቱ ሐኪሟን ታገኛለች፤ ወንድሜም የሚከለክለው ሲያጣ ይታረቃል። አንቴና ሲዛወር ኔትወርኩ አንድ ቀን ይጠፋል ብለሽኝ ነበር፤ ቀኑን አስቀድመሽ ንገሪኝ፣ እግሬን ልዘርጋበት።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይቅና፤ በሄድሽበት ሰው አይጥፋብሽ።

እናትሽ