ችሎቱ ምድር ቤት ወረደ

ለእታለም፣

ከነልጆችሽ እንዴት ከርመሻል? ሥራው፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኔ በክስ ተጠምጄ ደህና ነኝ።

«ዲግሪሽ ጥሩ ነው፤ ግን ክፍሎቻችን ፎቅ ላይ ናቸው» ብሎ ከመምህርነት ሥራ የመለሰኝን ትምህርት ቤት ከአካል ጉዳተኞች ማኅበራችን ጋር ከስሼ ትናንት ቀረብኩ። ችሎቱ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው! ጥበቃዎቹ «ነይ እህቴ፣ አንቺን መሸከም ምን አላት!» ሲሉኝ፣ «ጉልበት ከተረፋችሁ ዳኛዋን ተሸክማችሁ አውርዱልኝ» አልኳቸው። ክራንቼን አቅፌ ደረጃው ሥር ተቀመጥኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዳኛዋ ራሳቸው ወርደው ምድር ቤት፣ መዝገብ ክፍሉ ውስጥ ሰሙኝ።

የትምህርት ቤቱ ጠበቃ፣ «ፖሊዮ የጎዳው ግራ እግሯን ብቻ ነው ትላለች። ነገ ቢብስባትስ?» አለ። ለመልስ እንደማልቸገር ታውቂያለሽ፤ ያን ጊዜ ግን መጀመሪያ ክራንቼን አስተካከልኩ። ከዚያ፣ «ቢብስብኝም የማስተምረው በአፌ ነው። ክፍሉን ምድር ቤት አድርጉት!» አልኩት።

ሌላ ወሬ የለም። ጫማ ሰፊያችን «ዘንድሮ ቀድሞ ያለቀው የደህናው እግርሽ ጫማ ነው፤ ትጎትቺዋለሽ እንዴ?» ሲለኝ፣ ሶልህ ርካሽ ነው ብዬ ዝም አሰኘሁት። ለመሆኑ በልጅነቴ ለግራ እግሬ ታሠሪኝ የነበረው እንቅስቃሴ ለቀኝም ይሆናል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ውሳኔው ሰኞ ነው። ካልተፈረደልኝ ይግባኝ እላለሁ፤ ማመልከቻውን ከወዲሁ ጽፌ ጨርሻለሁ። ስትደውይ ስለ ፍርዱ ብቻ ጠይቂኝ።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ሰላምሽ ይብዛ።

ነገረኛዋ እህትሽ