ቁም ሳጥኑን ደረጃው ላይ የለቀቅኩበት ምክንያት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ዘንድሮ ታርቆኛል። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ጤና ሳይሆን ስለዚያ ቁም ሳጥን ነው።

ቅዳሜ ዕለት ያንን አንቺ ቤቱን የሣልሽበትን፣ ሁለት ሰው ዕቃ ተሸክሞ ፎቅ የሚያወጣበትን የኮምፒውተር ጌም ስንጫወት፣ አንቺ ካለሽበት አገር ሆነሽ የቁም ሳጥኑን ራስ፣ እኔ ከዚህ እግሩን ይዘን፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አራት ጊዜ ለቀቅኩብሽ። በመጨረሻ «እማዬ፣ ካልወደድሽው ይቅር» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። አልጠላሁትም፣ ልጄ። እኔ ቁልፉን ስጫን ሥዕሉ ቆሞ ያስባል፤ አስቦ እስኪጨርስ አንቺ ፎቅ ደርሰሻል።

መቼም ከስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ ፊደል የለየሁ ሴት ነኝ፤ ያልገባኝን ሳላነብ አላድርም። ፕሮሰሰር የሚባለው የላፕቶፑ አእምሮ ነው ይላል ያነበብኩት። እንግዲያው አእምሮው ይቀየርልኝ ብዬ ትናንት ጥገና ቤት ሄድኩ።

ጠጋኙ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ፣ ፈገግ አለ። «እናቴ፣ የዚህ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ እንደ ባትሪ ተነቅሎ አይወጣም። ቢወጣም ለጌም አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ሥዕሉን የሚያወጣው ክፍል፣ ግራፊክሱ ነው።»

«እና ልጄ ደረጃ ላይ ተገትራ ትቅር?»

«ቆይ እስቲ፣ የት አስቀምጠው ነው የሚጫወቱት?»

«የት ይሆናል፣ ላባ ትራሱ ላይ ነዋ። ዳር ዳሩንም አቧራ እንዳይነካው በሻርፕ እጠቀልለዋለሁ።»

ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሹፌር «ብርድ ልብሱን ረሱት እንዴ?» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ።

ጠጋኙ የታችኛውን ክዳን ሲፈታው የአየር መውጫው በሱፍ ተደፍኗል። «ፕሮሰሰሩ ሰነፍ አይደለም» አለኝ። «ሲግል እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። እርስዎ ሲንከባከቡት አፍነውታል።» አጸዳውና ባዶ ጠረጴዛ ላይ አኖረው፤ የሥዕሉንም ጥራት ትንሽ ዝቅ አደረገልኝ። ከዚያ ጌሙን በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ ያንቺን ቦታ ያዘ። ሹፌሩ «ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ግራ እናቴ» እያለ መራን። ቁም ሳጥኑ መታጠፊያውን አልፎ ፎቅ ገባ። ሲያጨበጭቡልኝ አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

«አፍነውታል» ያለኝ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። አባትሽ የታመመ ጊዜ፣ እየሳቅሽ የምትጫወቺበት ትንሹ የጌም መጫወቻሽ ተበላሸ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ሳቅሽ ይረብሸዋል ብዬ፣ ትምህርት ቤት ሳለሽ ለሰው ሰጠሁት። በማግስቱ ከአልጋው ሆኖ «ልጄ ዛሬ ለምን ዝም አለች?» ሲለኝ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጌ አለበስኩት። ለካ ያን ሳቅ ነበር ውሎ የሚጠብቀው። ይህን ሳልነግርሽ ስንት ዓመት አሳለፍኩ።

ቅዳሜ በሰዓታችን ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ስንጫወት ድምፅሽ እንዳይሰማ ማይክሽን ትዘጊዋለሽ። እንዳትረብሺኝ ብለሽ ነው፤ ከማን እንደተማርሽው አውቃለሁ። ቅዳሜ ክፈቺው። ከለቀቅኩብሽም ሳቂብኝ፣ ቤቱ ይስማ።

እጅሽ የሚሥለውን ሁሉ ፈጣሪ ያሳምርልሽ፤ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ።

እናትሽ