ኖራ የተቀባው ክፍል

ለተወደድከው የሆዴ ፍሬ ለዘገዬ፣ ድሬዳዋ

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ባቡሩ እዚህ አዳማ ብዙ እንግዳ ስለሚያራግፍ ወንድምህ አብተው መኝታ ማከራየት ጀምሯል። እኔ የምተኛበትን ክፍል ኖራ ቀብቶ ለእንግዳ አደረገው። ለእኔ ከእህሉ ጎተራ አጠገብ ቁርበት አነጠፉልኝ።

ባለፈው እሑድ ሚስቱ ዘመናይ እግሬን እያጠበችኝ፣ “እማማ፣ በስተርጅና መመንኮስ መታደል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባዶ ጎጆ አለ” አለችኝ።

አብተው መሬት መሬቱን ያያል። “አንተስ ምን ትላለህ?” አልኩት።

“እርስዎ ከፈቀዱ” አለኝ።

እሺ አልኩ።

ቤትህ ላይ አዲስ ክፍል ጨመርክበት ሲሉ ሰምቼ ደስ አለኝ። የድሬዳዋ ሙቀት እንደማይስማማኝ በሰው ልከህብኝ ነበር። የአዳማም ፀሐይ ቀላል አይደለም፤ እኔ ግን ለምጄዋለሁ።

የጥምቀት ማግስት ቆብ እደፋለሁ። አብተው ለጎረቤቱ ሁሉ፣ “በገዛ ፈቃዳቸው ነው” እያለ ነው። አንተንም ሰው ቢጠይቅህ እንዲሁ በል፤ የወንድማማች ቃል አይለያይ።

እኔ ባልደርስ ምርቃቴ ይድረስህ። ልጆችህ ጧሪ ቀባሪ ይሁኑህ።

እናትህ ተሻለች