ያላረጋገጡትን የማይፈርሙት የሚዛን ተቆጣጣሪ

ታላቅ ወንድሜ ከአባታቸው ከአናጺው እና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ በ1946 ዓ.ም. ከወንዝ ማዶ ባለው የወፍጮ ሰፈር ተወለዱ። የስድስት ልጆች የበኩር ሲሆኑ፣ የመጨረሻዋ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው በማዕረግ አጠናቀቁ። መምህራቸው ምድር ክብ ናት ቢሏቸው «በምን ታወቀ?» ብለው ከክፍል መባረራቸውን እናታችን እየሳቁ ያወሩት ነበር። ዛሬ እኔን አያስቀኝም።

በ1966 ዓ.ም. በሚዛን ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። የነሐስ መመዘኛዎች የተደረደሩበትን የእንጨት ሣጥን አንጠልጥለው አርባ ዓመት ሙሉ ከሥጋ ቤት ዳቦ ቤት ዞሩ። አለቃ ቢቆጣ፣ ወዳጅ ቢለምን፣ ራሳቸው ያልፈተሹትን ሚዛን ደህና ነው ብለው አይፈርሙም ነበርና ነጋዴው «አልፈርምም» የሚል ስም አወጣላቸው። የአንድ እህል ነጋዴ ሚዛን አርባ ግራም ሲያጎድል አግኝተው አሸጉበት፤ በዓመቱ ደግሞ የዚያኑ ሰው ልጅ ለትዳር ጠየቁ። አማታቸው ሚዛኔን ዘግቶ ልጄን ሊወስድ ነው እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰነበቱ፤ በመጨረሻ ግን እሺ አሉ። በ1976 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

ባለፈው ዓመት ጉበታቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ተስፋ እንደሌለው ከተናገረ በኋላ ባለቤታቸው አንድ ነገር ብቻ ለመኗቸው፤ ከሞት በኋላ እንገናኛለን እንዲሏቸው። እሳቸው አላውቅም አሉ። የለም አላሉም፤ የለም ለማለትም አይቶ የመጣ ያስፈልጋል ባይ ነበሩ። የሃይማኖት አባት መጥተው ሲያነጋግሯቸው በአክብሮት አዳምጠው ያንኑ መለሱ። እኔም ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። የሚሞት ሰው ለሚስቱ ሲል አንድ ቃል ቢዋሽ ማን ይከሰዋል? ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነብኝ። የማይፈሩ ቢሆኑ ባልከፋኝ። ይፈሩ ነበር፤ ከክፍሉ ልወጣ ስነሳ እጄን አይለቁም ነበር። እየፈሩም አልፈርምም!

መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ቀትር ላይ፣ ባለቤታቸው አኩርፈው መድኃኒት ቤት እንደሄዱ፣ ወንድሜ ለሚስታቸው የምነግርላቸው መልእክት ሰጡኝ። የአሥራ አንድ ወር ንዴቴ ገንፍሎ፣ አፍ አለህ አይደል፣ ስትመጣ ራስህ ንገራት አልኳቸው። እሺ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባለቤታቸው መድኃኒቱን ይዘው ሲደርሱ፣ ወንድሜ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተው ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞላና ባለቤታቸውን ለብቻቸው ላገኛቸው አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር ዓይናቸውን ለማየትም አፍሬያለሁ።

ወንድሜ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህችን ቁጡ እኅታቸውን ትተው ሄደዋል።

እትዬ፣ በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታ። ያሉኝ ይህ ነው፦ «ካለ እጠብቃታለሁ። ከሌለም አርባ አንድ ዓመት ከእሷ ጋር ኖሬያለሁና ምንም አልቀረብኝም። ንገሪያት።»

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍ፤ እኔንም ይቅር ይበለኝ።